ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ስላሠሩት መንገድ

በወሎ አገር ሐይቅና አምባሰል በሚባለው ክፍል ሁለት ባሕሮች ይገኛሉ። አንደኛው አርዲቦ፥ ሁለተኛው ሐይቅ ይባላሉ። አርዲቦ ከፍ ባለው ስፍራ ሲሆን፥ በሞላ ጊዜ ውሃው በአንከርከሃ ወንዝ እየወረደ ከሐይቅ ይደርሳል። ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን የውሃ መንገድ የቆፈረ ንጉሥ፥ ለቁፋሮውም የተገደደ ገበሬ የለም። ፈጣሪ ቁልቁለቱን ስለ ሰጠው ውሃው ራሱ መንገዱን አገኘ። ሰው የሚሠራው መንገድ ግን እንዲህ አይደለም። በማን ጉልበት ተሠራ? ለምን ጉዳይ ተሠራ? ከተሠራስ በኋላ ማን ተጠቀመበት? ተብሎ ይጠየቃል።

ከአምባሰል ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው ውሃ ወደ ሚሌና ወደ አዋሽ ሲወርድ፥ በስተምዕራብ ያለው ወደ በሽሎ ይወርድና ከዐባይ ይገባል። በዚሁ በምዕራብ በኩል የአምባሰል ጎረቤቶች ደላንታና ተንታ ናቸው። ከዚያም ወዲያ የመቅደላ አምባ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻው ዘመናቸው ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያሠሩት መንገድ ያለፈው በዚህ አገር ነው። የዚህ መንገድ ታሪክ ለሹምም ለካህንም ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከመሠረቱ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ዋና ሐሳባቸው በመሳፍንት ተከፋፍሎ የነበረውን አገር አንድ ማድረግ ነበር። አገርን አንድ ለማድረግ ደግሞ ሠራዊት፥ መሣሪያና መንገድ እንደሚያስፈልግ አስተውለው ነበር። ደብረ ታቦርን ከጎንደር፥ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ለማሠራት የጀመሩትም ስለዚህ ነው። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ የነበረው መንገድ የሰውና የበቅሎ እግር እየደጋገመ ያበጀው ነበር እንጂ፥ ዐለት ተፈንቅሎ፥ ገደል ተቆርጦ፥ መሽከርከሪያ ያለው ሠረገላ እንዲያልፍበት ሆኖ የተሠራ አልነበረም።

በእርሳቸው ዘመን ሁለት ከተሞች ከሌሎቹ ይልቅ የታወቁ ነበሩ። አንደኛው ደብረ ታቦር ነው። በአጠገቡ ባለው በጋፋት የኤውሮጳ ሰዎች የሆኑ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ተቀምጠው ስለ ነበር የመሣሪያ ሥራ የሚሠራው በዚያ ነበር። ሁለተኛው መቅደላ ነው። እርሱም ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ስለ ሆነ፥ ግምጃ ቤትም፥ ወህኒ ቤትም፥ የመጨረሻ መጠጊያም ነበር። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት ብዙ የብራና መጻሕፍት የነበሩት በዚህ አምባ ነው። በንጉሡ ትእዛዝ የታሰሩት መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎችም በዚሁ ይኖሩ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ንግሥት ወደ ቪክቶሪያ ደብዳቤ ልከው መልስ ሳይመጣላቸው በመዘግየቱ ተቆጡ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውን ካሜሮንን፥ ሌሎችንም የውጭ አገር ሰዎች አሰሩ። ለማስፈታት የመጣው መልእክተኛ ራሳምም በኋላ ታሰረ። የጦርነቱ ምክንያት ከዚህ ተነሣ። በዚያው ዘመን ንጉሡ የጋፋትን ሠራተኞች ታላቅ መድፍ ቀልጠው እንዲሠሩ አስገደዷቸው። ሠራተኞቹም መድፍ የመሥራት ትምህርት ያልነበራቸው ቢሆኑ፥ ብዙ ደክመው፥ አንድ ጊዜ ቢበላሽ ሌላ ጊዜ እየሞከሩ ሠሩት። ከሁሉ የሚበልጠውም መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ።

ነገር ግን መድፉ ሲሠራ መንግሥቱ እየጠበበ ሄደ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ገብተው ነበር። ዋግሹም ጎበዜ በላስታና በዋግ በኩል ተነሥተው ነበር። በወሎም ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት አገሩን ይዘው ነበር። ንጉሡ የአብያተ ክርስቲያናትን መሬት ስለ ቀነሱ ከካህናቱ ጋር ተጣልተው፥ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን በመቅደላ አስረዋቸው ነበር። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር በተዘረፈችና በተቃጠለች ጊዜ የብዙ ሰው ልብ ከእርሳቸው ራቀ። ስለዚህ በደብረ ታቦር ለመቀመጥ የማይቻል ሆነ። በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከተማውን አቃጥለው፥ ሠራዊታቸውን፥ መድፎቻቸውን፥ የጋፋትን ሠራተኞችና እስረኞችን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። አቡነ ሰላማም ንጉሡ በመንገድ ላይ ሳሉ በጥቅምት ወር በእስር ቤት እንዳሉ ዐረፉ።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለውን አገር ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው በጥቂት ቀን ያልፈዋል። ሴባስቶፖልን የያዘ ሠራዊት ግን ከአምስት ወር በላይ ፈጀበት። መድፉ በሠረገላ ላይ ተጭኖ፥ ብዙ መቶ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት ስለሚሄድ፥ በፊቱ መንገድ ካልተሠራ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም ነበር። የሥራው አካሄድ እንዲህ ነበር፤ አስቀድሞ የመንገዱ መስመር ይታያል። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ዛፉን ይቆርጣል፥ ድንጋዩን ይፈነቅላል፥ ጉድጓዱን ይሞላል፥ ጎርባጣውን ያስተካክላል። መንገዱ ሲዘጋጅ ሠረገላዎቹ ይጎተታሉ። ከዚያም ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በማግሥቱም ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ሥራ ላይ ከሠራዊቱ ተለይተው በድንኳን አልተቀመጡም። ከንጋት እስከ ማታ ከሠራተኞቹ መካከል ቆመው ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ፥ ዐፈር እየደለደሉ ይሠሩ ነበር። ንጉሥ እንዲህ ሲሠራ ያየ ወታደር እኔ አልሠራም ለማለት አይችልም። ጠላቶቻቸው የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች እንኳ ይህንን ትጋት አይተው በመጻሕፍታቸው መስክረዋል።

በጨጨሆ በኩል አልፈው ዋድላ ከገቡ በኋላ ከሁሉ የከበደው ሥራ መጣ። በዋድላና በደላንታ መካከል የዠጣ ወንዝ የቆረጠው ታላቅ ገደል አለ። በደላንታና በመቅደላም መካከል የበሽሎ ገደል ይገኛል። ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት ወደ 1000 ሜትር ይጠጋል። ዐለቱም ደረጃ በደረጃ ሆኖ የተቆለለ ነው። መድፍ ቁልቁል ሲወርድ ከዳገት ይልቅ ቁልቁለቱ ያስፈራል፤ ጠፍሩ ቢበጠስ ሠረገላው የሚቆምበት የለምና። ስለዚህ መንገዱን በገደሉ ፊት ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ፥ ዐለቱን እየቆረጡ፥ ከታች በድንጋይ እየደገፉ ሠሩት። ገደሉን ከወረዱ በኋላ በማዶ በኩል ያንኑ ያህል ዳገት እየሠሩ ወጡ። ይህንንም ሁለት ጊዜ፥ በዠጣና በበሽሎ፥ ፈጸሙት። በመጋቢት ወር 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ከመቅደላ ግርጌ ደረሰ። ያንን ገደል ያየ ሰው ሁሉ ይህን ሥራ ያደንቃል።

ነገር ግን ሥራው በትጋት የተሠራውን ያህል በፍቅር የተሠራ አልነበረም። መንገዱ በሚያልፍበት አገር የነበረው ገበሬ እህሉን ሸሽጎ፥ ከብቱን ይዞ ሸሸ። ሠራዊቱ ስንቁን የሚያገኘው በመቀማት ስለ ነበር፥ መንገዱ በሄደ ቍጥር ጠላት ይበዛ ነበር። ከወታደሩም ብዙው በሌሊት እየከዳ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። በፊት በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠረው ሠራዊት ከመቅደላ ሲደርስ ጥቂት ሆኖ ነበር። መንገዱ ሲረዝም መንግሥቱ ያጥር ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ሮበርት ናፒየር አዛዥነት በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወርዶ ነበር። ቍጥሩ 13 ሺህ ያህል ወታደር ሲሆን፥ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችና እጅግ ብዙ የጭነት ከብት ነበሩት። ከዙላ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ተራራማ አገር ሲጓዝ፥ ብዙውን መንገድ ራሱ እያበጀ መጣ። ከዋድላ ደጋ ሲደርስ ግን ከፊቱ የተዘጋጀ መንገድ አገኘ። ይህም ዐፄ ቴዎድሮስ ጥቂት ሳምንት አስቀድመው መድፋቸውን ያሳለፉበት መንገድ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር የዠጣን ገደል በዚህ መንገድ ወርዶ፥ በዚሁ ወደ ደላንታ ወጣ። ከደላንታም ወደ በሽሎ የወረደው በዚሁ ነው። ንጉሡ ለራሳቸው መድፍ ያዘጋጁት ለጠላታቸው መድፍ ሆነ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ መቶ የኢትዮጵያ ወታደሮች በዚያ ወደቁ። ብዙ የተደከመበት ታላቁ መድፍም በጦርነቱ አልጠቀመም። የፋሲካ ማግሥት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፥ የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባው ሲገባ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሦስተኛ አገልግሎት ዋለ። በመቅደላ የተዘረፈው ዕቃ፥ ዘውዱ፥ ጽዋው፥ መስቀሉ፥ የብራናው መጽሐፍ ሁሉ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በሽሎን ተሻግሮ ወደ ደላንታ ሜዳ ወጣ። በደላንታም ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለእንግሊዝ አገር ቤተ መጻሕፍት ተወሰዱ። የንጉሡ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅና ሕፃኑ ልጃቸው ዓለማየሁ በዚያው መንገድ ሄዱ። እቴጌይቱ ከኢትዮጵያ ሳይወጡ ዐረፉ። ልዑል ዓለማየሁም በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ከመጻሕፍቱ አንድ ክብረ ነገሥት በ1865 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ተመልሷል። አብዛኛው ግን እስከ ዛሬ በባዕድ አገር ይገኛል። ለመድፍ የተጠረገው መንገድ መጽሐፍን ከአገር ማስወጫ ሆነ፤ ካህናት ይህንን በልባቸው ሊያኖሩት ይገባል።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም። በዚያው ዘመን የግብፅ ገዥዎች ከሜዲቴራንያን ባሕር ዳር ከፖርት ሰዒድ እስከ ቀይ ባሕር ዳር እስከ ስዌዝ ከተማ ድረስ ታላቅ ቦይ ያስቆፍሩ ነበር። ፈቃዱን የሰጡት ሰዒድ ፓሻ፥ ሥራውን የመሩት ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ናቸው። ቁፋሮው በሚያዝያ ወር 1851 ዓ.ም. ተጀምሮ በኅዳር ወር 1862 ዓ.ም. በኬዲቭ ኢስማዒል ዘመን ተመረቀ። ርዝመቱም በመጀመሪያ 164 ኪሎ ሜትር ነበር። በፊተኛዎቹ ዓመታት በየወሩ 20 ሺህ ያህል የግብፅ ገበሬ እርሻውን እየተወ በግድ ይቆፍር ነበር፤ ኋላ ግን ይህ የግድ ሥራ ቀርቶ በመኪና ተቆፈረ። የናፒየር ጦር በዙላ በወረደ ጊዜ ቦዩ ገና አልተፈጸመም ነበርና ከእንግሊዝ አገር የሚመጣው ስንቅ ከእስክንድርያ እስከ ስዌዝ በምድር ባቡር ያልፍ ነበር።

ቦዩ ከተከፈተ በኋላ የሆነውን ነገር አንባቢ ያስተውል። ኢስማዒል ለዚህና ለሌላው ሥራ ከባዕድ ባንክ የተበደሩት ገንዘብ እጅግ ከበዳቸው። በኅዳር ወር 1868 ዓ.ም. ሠራዊታቸው በጉንደት በዐፄ ዮሐንስ ጦር ተደመሰሰ። በዚያው ወር፥ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፥ በስዌዝ ቦይ ላይ የነበራቸውን ድርሻ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጡት። በ1874 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ ጦር ግብፅን ያዘ። ግብፆች በጉልበታቸው የቆፈሩትን ቦይ መልሰው የራሳቸው ያደረጉት በ1948 ዓ.ም. ነው። መንገድ የሠራ ሁሉ የመንገድ ጌታ አይሆንም የሚያሰኝ ነገር ነው።

የስዌዝ መከፈት ለአምባሰልም ደርሷል። ቦዩ በተመረቀበት በዚያው በኅዳር ወር 1862 ዓ.ም. አንድ የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ለመግዛት ተዋዋለ። በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምጽዋን ያዘ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በአምባሰል፥ ውጫሌ በሚባለው ስፍራ፥ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መካከል ውል ተጻፈ። በ17ኛው ክፍል ያለው የአማርኛው ቃልና የኢጣልያንኛው ቃል የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ ጦርነት መጣ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተፈጸመ። በስዌዝ የተከፈተ ውሃ ጠላትን እስከ አምባሰል በር አደረሰው።

ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ግን እንደ መቅደላው ያለ የተጠረገ መንገድ አልነበራቸውም። ሠራዊቱ ከየአገሩ ተነሥቶ በወረ ኢሉ ተሰብስቦ በወሎ በኩል አለፈ። ሕዝቡ ስንቁን በአህያና በራሱ ተሸክሞ፥ የእግር መንገድ ይዞ፥ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሄደ። ያለ መንገድ የደረሰው ይህ ሠራዊት ድል አደረገ። ታላቅ መንገድ የተሠራለት የመቅደላው ሠራዊት ግን አልዳነም። ልዩነቱ ከድንጋዩ አይደለም፤ ከሕዝቡ ልብ ነው።

ይህ ማለት መንገድ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ከአሥመራ ተነሥቶ በወልድያ፥ በውጫሌ፥ በሐይቅና በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ሠራ። የሠራውም አገሩን ለመግዛት ብሎ ነው። ነገር ግን በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወገን የሆነው የደቡብ አፍሪቃ ጦር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሚያዝያ ወር ደሴን ያዘ። ከዚያም በዚሁ መንገድ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ አምባ አላጌ ወጣ፤ ኢትዮጵያውያን አርበኞችም ጠላትን በየአቅጣጫው አስጨነቁት። በግንቦት ወር የኢጣልያ እንደራሴ በአምባ አላጌ እጁን ሰጠ። ወራሪው ለመግዛት የሠራው መንገድ ለመሸነፊያው ሆነ፤ ከዚያ በኋላም ለባለአገሩ ቀረ። ከአርዲቦና ከሐይቅ ዳር ያለው ገበሬ እህሉን ወደ ደሴ ገበያ ያወጣበታል፤ በሽተኛውንም ወደ ሐኪም ያደርስበታል።

እንግዲህ መንገድ እንደ ስለት ያለ ነገር ነው። የሠራውን ሰው ብቻ አያውቅም፤ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል። ስለዚህ መንገድ የሚያሠራ ሹም ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባዋል። መጀመሪያ፥ መንገዱ የሚያልፍበት ሕዝብ ተጠቃሚ መሆኑን ሊያይ ይገባል፤ እህሉን የተቀማ ገበሬ መንገዱን አይጠብቅምና። ሁለተኛ፥ የሠራተኛውን ዋጋ በጊዜው መክፈል ያስፈልጋል፤ በግድ የተሠራ ሥራ ግድ ባለፈ ጊዜ ይፈርሳልና። ሦስተኛ፥ ከምረቃው ቀን በኋላ የሚጠብቀውና የሚጠግነው ሰው ሊሾምለት ይገባል። በጥንት ዘመን የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ከአባይ ወንዝ እስከ ቀይ ባሕር ያስቆፈረው ቦይ በየዘመኑ ጠባቂ ሲያጣ በአሸዋ እየተደፈነ ቀርቷል።

በሐይቅ ሌላ ምሳሌ አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ቤት ባቆሙ ጊዜ ወደዚያ የሚያደርስ የንጉሥ መንገድ አልነበረም። ደቀ መዛሙርት ግን ከሩቅ አገር፥ ከሸዋም ጭምር፥ በእግራቸው እየመጡ ተማሩ፤ ተምረውም ወደየአገሩ ሄደው አስተማሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ ናቸው። ወደ ሐይቅ የሚያደርሰው መንገድ የቀናው በተማሪ እግር ነው። ያን መንገድ ማንም አላስገደደበትም፤ ስለዚህም ብዙ መቶ ዓመት ኖረ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ ምሳሌውም በአዲስ አበባ በዐፄ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ሰው መድፉን አይቶ ያደንቃል። ይልቁንም ሊደነቅ የሚገባው ያ መድፍ ሁለት ታላላቅ ገደሎችን የተሻገረበት መንገድና ድንጋዩን በእጃቸው ያነሡ ንጉሥ ናቸው። ድካማቸው ዋጋ ያጣው መንገዱ ክፉ ስለ ነበረ አይደለም፤ ከመንገዱ በፊት ከሕዝባቸው ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ፈርሶ ስለ ነበረ ነው። ዛሬም መንገድ እንዲያሠራ የተሾመ ሰው ዐለቱን ከመፈንቀሉ በፊት ያንን ድልድይ አስቀድሞ ይጠግን።